አልጋና ቁርስ በባዕድ አገር፤ ርካሹን ከህጋዊው ጋር የማጣጣም ጥያቄ

ሐተታ

ለአጭር ጊዜ ስልጠና፣ ለስብሰባ ወይም ለልምድ ልውውጥ ወደ ውጭ አገር የሚላክ የመንግስት ሰራተኛ የጉዞው ደብዳቤ ተፈርሞ እጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ከፊቱ የሚደቀነው ጥያቄ ‹‹አልጋ የት ልያዝ?›› የሚለው ነው። የአውሮፕላን ትኬቱን መስሪያ ቤቱ ወይም ጋባዡ ድርጅት ይቆርጥለታል። የስብሰባው መርሃ ግብርም ተዘጋጅቶ ይላክለታል። ማረፊያው ግን ብዙውን ጊዜ ለተጓዡ የሚተው ጉዳይ ነው።

ጥያቄው ሲያዩት የግል ምቾት ጉዳይ ቢመስልም ከበስተጀርባው ሶስት ከበድ ያሉ ነገሮች አሉ። አንደኛው የቪዛ ጥያቄ ነው፤ ማረፊያውን በሰነድ ማስረዳት ያልቻለ አመልካች ጉዞው ገና ከመነሻው ሊሰናከልበት ይችላል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሶስተኛው ደግሞ ተጓዡ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚጠብቀው የሂሳብ ማወራረድ ስራ ነው።

በተለይ የገንዘቡ ጉዳይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ቀድሞ ያልነበረ ክብደት አግኝቷል። በዚያን ዕለት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ ተመኑ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህም ማለት የውጭ አገሩ ሆቴል በዋጋው ላይ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር በብር ሲሰላ ክፍያው በእጥፍ ገደማ አድጓል ማለት ነው። በመሆኑም ከትላልቅ ሆቴሎች ይልቅ አነስ ያለ ክፍያ ወደሚጠይቁትና ቁርስ ጨምረው ወደሚያቀርቡት የቤተሰብ ማረፊያዎች መመልከት አግባብነት ያለው አማራጭ ሆኗል።

ይሁንና ርካሹ አልጋ ርካሽ ሆኖ የሚዘልቀው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው። እነዚህም በቂ ጊዜ እና ትክክለኛ ሰነድ ናቸው። የዚህ ሐተታ ዓላማም ይህንኑ በዝርዝር ማሳየት ነው።

የአልጋና ቁርስ ማረፊያ ምንነት

በእንግሊዝኛ ‹‹ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት›› በሚል ስያሜ የሚታወቀው የአልጋና ቁርስ ማረፊያ በብሪታኒያና በአየርላንድ ስር የሰደደ ልማድ ነው። የቤቱ ባለቤት በራሱ መኖሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት ክፍሎችን ለእንግዳ አዘጋጅቶ ያከራያል፤ ጠዋት ቁርስ ያቀርባል። ብላክፑልን በመሳሰሉ የባህር ዳርቻ ከተሞች ለዕረፍት የሚመጡ ሰራተኞችን ተቀብለው የሚያስተናግዱ የቤት እመቤቶች ይህን ስራ ለትውልድ ሲያካሂዱት ኖረዋል። በቤቱ መስኮት ላይ የሚሰቀለው ‹‹ቦታ አለ›› ወይም ‹‹ቦታ የለም›› የሚል ምልክት በእኛ አገር በየመንገዱ ዳር ከሚነበበው ‹‹አልጋ አለ›› ከሚለው ሰሌዳ ጋር በአገልግሎቱ አንድ ነው።

በፈረንሳይ ተመሳሳዩ አገልግሎት ‹‹ሻምብር ዶት›› ይባላል። የአገሪቱ ህግ አገልግሎቱን በግልጽ ለይቶ አስቀምጦታል። አንድ ባለቤት ከ5 ክፍሎች በላይ ማከራየት፣ በአንድ ጊዜም ከ15 ሰዎች በላይ ማሳደር አይችልም። ቁርስ ከዋጋው ጋር ተጠቃልሎ መቅረብ አለበት። ባለቤቱም ስራውን ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው ‹‹ጂት ደ ፍራንስ›› የተባለው ማህበር ደግሞ አባል ቤቶቹን እየመረመረ እንደ ሆቴል በኮከብ ሳይሆን በስንዴ ዛላ ምልክት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል።

በዚህ ዘመን አልጋና ቁርስ ሲነሳ በኢንተርኔት አማካይነት ክፍል የሚያከራዩ ድርጅቶችን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ከእነዚህ ዋነኛው የሆነው ኤርቢኤንቢ መነሻው ይኸው ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተካሄደ የዲዛይን ባለሙያዎች ጉባኤ ሳቢያ ሆቴሎች በመሙላታቸው ብራያን ቼስኪና ጆ ጌቢያ የተባሉ የአንድ ቤት ተከራዮች በአየር የሚሞላ ፍራሽ ሳሎናቸው ውስጥ ዘርግተው እንግዶችን ቁርስ ጨምረው አሳደሩ። በተከታዩ ዓመት ስራውን ወደ ድርጅትነት ሲያሳድጉት የሰጡት ስያሜም የአየር ፍራሽና ቁርስ የሚል ትርጉም ያለው ነበር።

ይሁን እንጂ ስራው እየሰፋ ሲሄድ መልኩ ተለውጧል። ባለቤቱ በማይኖርበት ቤት፣ ቁልፍ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ እንግዳው አከራዩን ሳያይ ገብቶ የሚወጣበት አሰራር ተስፋፋ። ቁርሱም ቀረ። ሙሉ አፓርታማዎች ከቋሚ ተከራይ ወጥተው ለቱሪስት መዋል በመጀመራቸው የመኖሪያ ቤት እጥረት ያለባቸው ከተሞች ቅሬታ ማሰማት ጀመሩ። ከዚህ በኋላ የታየው የህግ ለውጥ በቀጥታ የሚመለከተው አከራዩን ቢሆንም መዘዙ ለተጓዡም ይተርፋል።

ህግ የጠበቀባቸው ከተሞች

በየዓመቱ መስከረም ወር የተባበሩት መንግስታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የሚካሄድባት የኒውዮርክ ከተማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በጉባኤው ሳምንታት የሆቴል ዋጋ እንደሚንር ከልዑካን ቡድን ጋር የተጓዘ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በሆቴል ዋጋው ላይ ደግሞ ከ14 በመቶ በላይ የሚሆን ግብር ይታከላል። የከተማዋ አስተዳደር ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ‹‹የአካባቢ ህግ ቁጥር 18›› መሰረት ከ30 ቀን በታች ለሆነ ጊዜ ቤቱን የሚያከራይ ሰው በከተማው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። እንግዳው በሚቆይበት ጊዜ አከራዩ በዚያው ቤት ውስጥ መኖር ይጠበቅበታል። የሚያሳድራቸው ከፋይ እንግዶችም ከ2 መብለጥ አይችሉም። በሌላ አነጋገር ህጉ ስራውን ወደ ጥንተ መልኩ፣ ማለትም ባለቤቱ ባለበት ቤት እንግዳ ወደ ማሳደር መልሶታል። ለአምስት ሰዎች የልዑካን ቡድን ሙሉ አፓርታማ ለሳምንት ‹‹አገኘሁ›› የሚል ሰው ከህግ ውጭ የሆነ ውል እየገባ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት።

ስኮትላንድም በተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ደንብ ቀደም ሲል በስራ ላይ የነበሩ የአጭር ጊዜ ማረፊያዎች እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2023 ድረስ የፈቃድ ማመልከቻ እንዲያቀርቡ ተደርጓል። ደንቡ የአልጋና ቁርስ ቤቶችንም ይጨምራል። የፈቃድ ቁጥሩ በማስታወቂያው ላይ መውጣት አለበት። በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ማናቸውም የቱሪስት ማረፊያ ከአገሩ የቱሪዝም መስሪያ ቤት የምስክር ወረቀት ሳይኖረው መስራት አይችልም። በእንግሊዝ የደረጃ ምደባው በባለቤቱ ፈቃደኝነት ላይ የተመሰረተ ሲሆን ኤኤን የመሳሰሉ ተቋማት ቤቶቹን እየመረመሩ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣሉ። ስለሆነም በአንድ መንግስት ስር ባሉ አካባቢዎች እንኳ ተጓዡ ሊጠይቀው የሚገባው ሰነድ ይለያያል ማለት ነው።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መቀመጫ ወደሆነችው ሮም የሚጓዙ ባለሙያዎች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነጥብ አለ። ጣሊያን ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማናቸውም የአጭር ጊዜ ማረፊያ ብሔራዊ የመለያ ቁጥር እንዲኖረው፣ ቁጥሩም በህንጻው ደጃፍና በማስታወቂያው ላይ እንዲታይ አስገድዳለች። የባርሴሎና ከተማ አስተዳደር በበኩሉ እስከ ህዳር 2028 እ.ኤ.አ. ድረስ የ10 ሺህ 101 የቱሪስት አፓርታማዎችን ፈቃድ እንደማያድስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 አስታውቋል። የአውሮፓ ህብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ የምዝገባ ቁጥርን የሚመለከት የጋራ አሰራር ዘርግቷል። ደንቡ ስራ ላይ እንዲውል የተቆረጠለት ቀን ግንቦት 20 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ቁም ነገር አጭር ነው። ከእንግዲህ ማስታወቂያ ሲታይ ከፎቶግራፉና ከዋጋው አስቀድሞ መፈለግ ያለበት የፈቃድ ወይም የምዝገባ ቁጥሩ ነው። ቁጥር በሚያስፈልግበት ከተማ ቁጥር የሌለው ቤት ተጓዡ ደጃፉ ላይ በደረሰበት ዕለት ተዘግቶ ሊያገኘው የሚችል ቤት ነው።

ቪዛና የማረፊያ ማስረጃ

ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ የማረፊያው ጉዳይ ከቪዛው ጉዳይ ተነጥሎ አይታይም። የሸንገን ቪዛ ህግ አመልካቹ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ማስረጃ ወይም ለማረፊያው የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው የሚገልጽ ሰነድ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ማስረጃው ከማረፊያ ድርጅቱ የተሰጠ ማረጋገጫ ወይም ከአስተናጋጁ ሰው የተላከ የግብዣ ሰነድ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ያለው የአልጋና ቁርስ ቤት የሚሰጠው ማረጋገጫ ከትልቅ ሆቴል ማረጋገጫ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ሆኖም የቤቱ ሙሉ አድራሻ፣ ስልክ፣ የቆይታው ቀናትና የተጓዡ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው ተሟልቶ መገኘት አለበት።

የስሙ ነገር ትኩረት ያሻዋል። የእኛ አጠራር የራስን ስም፣ የአባትንና የአያትን ስም በተከታታይ የሚያስቀምጥ ነው። የውጭ አገር ቅጾች ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። ተጓዡ በአንዱ ቅጽ የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ቢያስገባ የማረፊያው ማረጋገጫና የቪዛ ማመልከቻው የሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊመስሉ ይችላሉ። ቀኑንም ቢሆን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቦ በፈረንጆቹ ሲጽፍ አንድ ቀን የሚስት ሰው አልጋውን ከመድረሱ በፊት ለነበረው ሌሊት ይይዘዋል፤ ለዚያውም ገንዘቡ አይመለስለትም።

የአውሮፓ ህብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በሚመለከት ያሳለፈው ውሳኔ ይህን ጥንቃቄ የበለጠ አስፈላጊ አድርጎታል። ህብረቱ ዜጎችን መልሶ በመቀበል ረገድ ትብብሩ በቂ አይደለም በሚል ምክንያት የወሰዳቸው እርምጃዎች አራት ናቸው። የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም፣ ለብዙ ጊዜ የሚያገለግል ቪዛ እንዳይሰጥ፣ አባል አገራት አንዳንድ ሰነዶችን እንዲሁ እንዳያልፉ እንዲሁም የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት ያላቸው ተጓዦች ከቪዛ ክፍያ ነጻ እንዳይደረጉ ተወስኗል። በመሆኑም ቀደም ሲል በኃላፊነታቸው ምክንያት የማረፊያ ማስረጃቸው ብዙም የማይፈተሽ ተጓዦች ከማንኛውም አመልካች ጋር እኩል ሰነዳቸውን አሟልተው የመቅረብ ግዴታ ሊኖርባቸው ይችላል። ማመልከቻ ሲገባ በስራ ላይ ያለውን አሰራር ከሚመለከተው ኤምባሲ ማረጋገጥም ብልህነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጎጂ ልማድ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ለቪዛ ብቻ የሚያገለግል፣ በእውን ያልተያዘ ክፍል ‹‹ማረጋገጫ›› በጥቂት ብር የሚሸጡ ወገኖች አሉ። የሸንገን ህግ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብን ቪዛ ለመከልከል በቂ ምክንያት አድርጎ ደንግጓል። ክልከላው በህብረቱ የቪዛ መረጃ ቋት ውስጥ እስከ 5 ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። በመስሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጓዝ ሰው ሐሰተኛ ማስረጃ ይዞ ቢገኝ ጉዳቱ በእሱ ብቻ አያበቃም፤ ከእሱ በኋላ በዚያው መስሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያመለክቱትንም ይነካል።

ብሪታኒያ በዚህ ረገድ የተለየ አሰራር አላት። አመልካቹ የት እንደሚያርፍ እንዲገልጽ ብትጠይቅም ቪዛው ከመፈቀዱ በፊት የጉዞና የማረፊያ ክፍያ እንዳይፈጸም ትመክራለች። ስለሆነም ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ክፍል መያዝ የተሻለው መንገድ ነው። ተጓዡ ማረፊያው ሲደርስም ቤቱ ባለ ሶስት ክፍል ቢሆን እንኳ ፓስፖርቱን መጠየቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የሆቴል መዝገብ ድንጋጌ መሰረት የብሪታኒያ፣ የአየርላንድም ሆነ የኮመንዌልዝ ዜጋ ያልሆነ እንግዳ የፓስፖርቱን ቁጥርና የተሰጠበትን ቦታ፣ ሲወጣም ቀጣዩን መድረሻውን ማስመዝገብ አለበት። መዝገቡም ቢያንስ ለ12 ወራት ይቆያል። ይህን ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሰጥ አከራይ ሌላውንም ህግ መጠበቁ ያጠራጥራል።

ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ቤት ማረፍም የተለመደ ነው። በለንደን፣ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርትና በሮም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀብሎ የማስተናገድ ባህላቸውን አልተዉም። ይሁንና ‹‹እህቴ ቤት ነው የማርፈው›› የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለምሳሌ በፈረንሳይ አስተናጋጁ ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ የተረጋገጠ የመቀበያ ሰነድ ማውጣት አለበት። ሰነዱም በፖስታ ተልኮ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

ዋጋው በእርግጥ ሲሰላ

ለአብነት ያህል አንድ ባለሙያ ለ7 ሌሊት ወደ አንድ የእንግሊዝ ከተማ ይጓዛል እንበል። በመሀል ከተማ ያለው ሆቴል ያለ ቁርስ በሌሊት 150 ፓውንድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው የአልጋና ቁርስ ቤት ደግሞ ከነቁርሱ 95 ፓውንድ ቢጠይቅ ልዩነቱ 385 ፓውንድ ይሆናል። ለአውቶቡስና ለባቡር በቀን 10 ፓውንድ ተጨማሪ ቢያወጣ 70 ፓውንድ ይቀነሳል። በሆቴሉ ለቁርስ ያወጣው የነበረው በቀን 12 ፓውንድ ሲታሰብ ደግሞ 84 ፓውንድ ይመለስለታል። የተጣራው ትርፍ 399 ፓውንድ ነው። ይህ በብር ሲመነዘር ችላ የሚባል ገንዘብ አይደለም።

ስሌቱ የሚበላሸው ግን በቀላሉ ነው። ያው ባለሙያ የ7ቱን ሌሊት ክፍያ 665 ፓውንድ አስቀድሞ ለማያውቀው ሰው ልኮ ቤቱ ሳይገኝ ቢቀር፣ በዚያች ሌሊት ባገኘው ዋጋ ሆቴል ለመግባት ይገደዳል። እናም ‹‹ቆጠብኩ›› ያለው ገንዘብ በእጥፍ ይወጣል።

ሌላው ሳይታሰብ የሚታለፍ ወጪ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚነሱ በረራዎች በአብዛኛው ሌሊት ተነስተው በማለዳ ይደርሳሉ። የማረፊያ ክፍሎች የሚከፈቱት ግን ከቀትር በኋላ ነው፤ በብዙ ቦታ በአገሬው አቆጣጠር 15 ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር 9 ሰዓት ላይ። ሆቴል ቀን ከሌት የሚጠብቅ ሰራተኛ ስላለው ሻንጣ ይቀበላል። በአልጋና ቁርስ ቤት ግን ባለቤቱ ቁርስ አቅርቦ ካበቃ በኋላ ገበያ ወይም ሌላ ስራ ሊሄድ ይችላል። የዚህ ጽሁፍ አቅራቢ ከዓመታት በፊት ለአጭር ስልጠና በተጓዘበት ወቅት የሚደርስበትን ሰዓት አስቀድሞ ባለማሳወቁ፣ በተቆለፈ በር ፊት ለፊት ካለ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሻንጣውን ታቅፎ ግማሽ ቀን ለመቀመጥ ተገዷል። ጥፋቱ የአከራይዋ አልነበረም፤ በላከችው ማረጋገጫ ግርጌ ሰዓቱ በግልጽ ተጽፎ ነበር።

ቁርሱም ቢሆን አስቀድሞ መነጋገርን ይጠይቃል። ሙሉ የእንግሊዝ ቁርስ የሚባለው እንቁላል፣ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና የተጠበሰ ዳቦ ያለበት ቢሆንም የአሳማ ስጋና ከዚሁ የተሰራ ቋሊማም አይለየውም። ሙስሊም ተጓዦችም ሆኑ የኦርቶዶክስ ተዋህዶ እምነት ተከታዮች ይህን ቀድመው ቢያሳውቁ አከራዩ በደስታ ይለውጣል። ጾም የያዘ ሰው ‹‹ቪጋን›› የሚለውን ቃል ቢጠቀም ስጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ የሚጾም ተጓዥ ግን ለማይበላው ቁርስ ከሚከፍል ይልቅ ያለ ቁርስ የሚከራይበትን ዋጋ መጠየቁ ይጠቅመዋል።

የቱሪስት ግብርም በሒሳቡ መግባት አለበት። በበርካታ የአውሮፓ ከተሞች ይህ ክፍያ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ ላይካተትና ማረፊያው ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ኤደንብራ ከሐምሌ 24 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚደረግ ቆይታ የማረፊያውን ዋጋ 5 በመቶ፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ተከታታይ ሌሊቶች እንዲከፈል ወስናለች።

ጄኔቫ ደግሞ የተለየ ስሌት ያላት ከተማ ናት። በግንቦት ለዓለም የጤና ጉባኤ፣ በሰኔ ለዓለም የስራ ጉባኤ የሚጓዙ ልዑካን የከተማዋን ውድነት ያውቁታል። ለዚህም ነው ድንበር ተሻግሮ በፈረንሳይ በኩል፣ በአንማስና በፌርኔ ቮልቴር ማረፍ የተለመደው። እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2019 ስራ የጀመረው ሌማን ኤክስፕረስ የተሰኘው ባቡር አንማስን ከጄኔቫ ዋና ጣቢያ ጋር በቀጥታ ያገናኛል። ሁለቱም አገራት በሸንገን ክልል ውስጥ በመሆናቸው የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው ያለ ችግር ይመላለሳል። ሆኖም ቪዛው የሚጠየቀው የጉዞው ዋና መድረሻ ከሆነው አገር ነውና፣ ለስዊዘርላንድ እያመለከተ ሁሉንም ሌሊት በፈረንሳይ የሚያድር ተጓዥ ምክንያቱን በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ቢገልጽ ከአላስፈላጊ ጥያቄ ይድናል። በጄኔቫ ከተማ ሆቴል ወይም የወጣቶች ማረፊያ የሚያርፍ እንግዳ በቆይታው ጊዜ የህዝብ ትራንስፖርት በነጻ የሚጠቀምበት ካርድ የሚሰጠው በመሆኑም የዋጋው ልዩነት ሲሰላ ይህ ጥቅም ሊታሰብ ይገባል።

በመጨረሻም ደረሰኝ አለ። በብሪታኒያ ዓመታዊ ሽያጩ ከ90 ሺህ ፓውንድ የማይበልጥ ድርጅት ለተጨማሪ እሴት ታክስ የመመዝገብ ግዴታ የለበትም። ይህ መጠን የተወሰነው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሲሆን ትንንሾቹ የአልጋና ቁርስ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ናቸው። ስለሆነም የታክስ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ሊሰጡ አይችሉም። ይህ ህገ ወጥነት አይደለም። የፋይናንስ ባለሙያው ግን በአገር ውስጥ የለመደው የታክስ ደረሰኝ ነውና ሊጠራጠር ይችላል። ተጓዡ የቤቱን ስም፣ አድራሻ፣ የቆይታውን ቀናት፣ የተከፈለውን መጠንና የባለቤቱን ፊርማ የያዘ ደረሰኝ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል። የፋይናንስ ክፍሎችም ይህን ልዩነት አውቀው ቢጠብቁ ብዙ ምልልስ ይቀራል።

ፍለጋው ከየት ይጀምር?

‹‹የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ›› እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ምንጭ በቦታው ያለ ሰው ነው። ጋባዡ ዩኒቨርሲቲ ወይም ድርጅት እንግዶቹን የሚያሳርፍባቸው ቤቶች ዝርዝር ሊኖረው ይችላል። ሳይጠየቅ ባይልክም ሲጠየቅ ይሰጣል። ቀጥሎ የየአገሩ የቱሪዝም መስሪያ ቤትና የከተማው የቱሪስት መረጃ ማዕከል የተመዘገቡ ማረፊያዎችን ያሳውቃሉ። የኢንተርኔት የማስያዣ ድርጅቶች ለንጽጽር ይጠቅማሉ። በእነሱ አማካይነት የተገኘ ቤት ግን ስልክ ተደውሎለት፣ አድራሻው በካርታ ላይ ታይቶና የፈቃድ ቁጥሩ ተረጋግጦ ቢያዝ ይመረጣል።

ክፍያን በተመለከተ ዋናው ደንብ አንድ ነው። ክፍሉ በተያዘበት መንገድ ካልሆነ በቀር ገንዘብ አለመላክ። ‹‹ክፍያዎ አልተሳካም፤ በዚህ ሂሳብ ቁጥር በቶሎ ያስገቡ›› የሚል መልዕክት የማረፊያውን ስም ይዞ ቢመጣም እንኳ ወደ ቤቱ በታወቀው ስልክ ሳይደወል መፈጸም የለበትም። አገር ውስጥ ያሉ ባንኮች በውጭ ምንዛሪ የሚሰራ የቅድመ ክፍያ ካርድ ስለሚሰጡ፣ ካርዱ በኢንተርኔት ለሚፈጸም ክፍያ ማገልገሉን ከጉዞው በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከተጓዡ በላይ ያለው ኃላፊነት

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ የሚሳካው ግን ተጓዡ ጊዜ ሲኖረው ነው። የአልጋና ቁርስ ቤት ያለው ክፍል ሶስት ወይም አራት ነው። ቀድሞ የጠየቀ ይወስደዋል፤ የዘገየው የሚያገኘው ውዱን ሆቴል ወይም አጠራጣሪውን አፓርታማ ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊቀርብ ይችላል። ማመልከቻው እስከ 45 ቀን ሊወስድ እንደሚችልም ተመልክቷል። የጉዞ ፈቃድ ደብዳቤ ከስብሰባው ሶስት ሳምንት ሲቀረው ከተፈረመ እንግዲህ ሰራተኛው ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ምርጫ የለውም። ለሐሰተኛው ‹‹ማረጋገጫ›› ገበያ የሚፈጥረውም ይኸው ጥድፊያ ነው።

በመሆኑም መስሪያ ቤቶች ሊወስዷቸው የሚችሉ፣ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። ዓመታዊ ስብሰባዎች የሚካሄዱበት ወር አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ተወካዩን በጊዜ መወሰን አንዱ ነው። ከጉዞ የሚመለስ ሰራተኛ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ያረፈበትን ቤት ስም፣ አድራሻ፣ ዋጋና አስተያየቱን በአንድ ገጽ እንዲያሰፍር ማድረግ ሁለተኛው ነው። ገጾቹ በሰው ሀብት ወይም በውጭ ግንኙነት ክፍል ቢቀመጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጄኔቫ፣ ሮም፣ ለንደን ወይም ኒውዮርክ የሚሄድ አዲስ ተጓዥ በባዶ እጁ ፍለጋ አይጀምርም። በየአገሩ የሚገኙ ኤምባሲዎቻችንም በየጊዜው የሚያገኙትን መረጃ ለዚህ ዝርዝር ቢያካፍሉ ጠቀሜታው የጎላ ይሆናል። የፋይናንስ ክፍሎች ደግሞ ከአነስተኛ ማረፊያ የሚመጣ ደረሰኝ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት አስቀድመው በጽሁፍ ቢያሳውቁ ተጓዡ ከተመለሰ በኋላ በሚነሳ ክርክር የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል።

ሲጠቃለል የአልጋና ቁርስ ማረፊያ ለመንግስት ተጓዥ የሚያዋጣ አማራጭ መሆኑ አያከራክርም። የሚያዋጣው ግን ፈቃዱ ታይቶ፣ ማስረጃው በእውነተኛ ስምና ቀን ተዘጋጅቶ፣ ደረሰኙ ተሟልቶ፣ ከሁሉም በላይ በጊዜ ሲያዝ ነው። የተጓዡ ጥንቃቄ እንዳለ ሆኖ፣ ጊዜውን የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ደብዳቤውን የሚፈርመው ኃላፊ ነው። ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጓዡ አስቀድሞ የሚመለከተው ፈራሚውን ነው።